«አይሁድ እንዲህ አያምኑም ነበር» ላለች ልጅ

ልጄ፣ ባለፈው ፋሲካ ድፎው ተቆርሶ ሳያልቅ «የጥንት አይሁድ የሲኦልን ቅጣት አያውቁትም፤ ቤተ ክርስቲያን ናት ከግሪኮች ወስዳ የጨመረችው» ብለሽ እናትሽን አስደነገጥሻት። እኔ ዝም ያልኩት ነገሩ በአንድ ገበታ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። አሁን ልመልስልሽ።

1. መጠየቅሽን እንደ ኃጢአት አትቁጠሪው። በልጅነቴ ጥቂት ጊዜ ትርጓሜ ቤት ተቀምጫለሁ። መምህራችን አንዱን ቃል ይፈቱና «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ፤ ደግሞ «አንድም» ይላሉ፤ እኛ እንቅልፍ ሲያዳፋን እሳቸው አራተኛው ላይ ናቸው። እርግጥ ያ ቤትም የማይነካ ምሰሶ አለው። አንድ ጥቅስ አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያለው የሚል ሰው ግን እዚያ አላጋጠመኝም።

2. ልክ የሆንሽበትን ላስቀድም። በኦሪት ሲኦል የሙታን ሁሉ መውረጃ ነው። ያዕቆብ ዮሴፍ የሞተ መስሎት ሲያለቅስ እወርዳለሁ ያለው ወደዚያው ነው፤ ያዕቆብ ደግሞ ከአበው አንዱ እንጂ ኃጥእ አይደለም። ለኃጥአን ብቻ የተለየ የቅጣት እሳት እዚያ ቦታ አልተነገረም። ገሃነም የምንለውም መነሻው የሰፈር ስም ነው፤ ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ ያለው የሄኖም ሸለቆ፣ ልጆች በእሳት የተሠዉበት። ኦሪት ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው ዘርዝሮ አስቀምጦታል የሚል ሰባኪ ካጋጠመሽ ጽሑፉን ረጋ ብሎ አላነበበውም።

3. የሳትሽው «አይሁድ» ያልሽው ላይ ነው። የትኞቹ? በየትኛው ዘመን? ሰዱቃውያን ትንሣኤ የለም ይሉ ነበር፤ ፈሪሳውያን አለ ይላሉ። ጳውሎስ በሸንጎ ቆሞ ይህንኑ ጠብ ሲቀሰቅስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23 ታገኚዋለሽ። ዛሬ የምናውቀው የረቢዎች ይሁዲነት መልክ የያዘው ደግሞ ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ከፈረሰ በኋላ ነው።

4. ለክርክሩ የሚበጀው መጽሐፍ እቤትሽ መደርደሪያ ላይ ነው። ሄኖክን ሙሉውን ጠብቆ ያቆየው ግዕዝ ብቻ ነው። ምዕራፍ 22ን ክፈቺ። ሄኖክ በምዕራብ አንድ ረጅም ተራራ ያያል፤ በውስጡ ጥልቅ ስፍራዎች አሉ፤ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚጠበቁባቸው። የአቤል ነፍስ እዚያ ሆና በቃየን ላይ ትጮኻለች። ለጻድቃን የተለየው ስፍራ የውኃ ምንጭና ብርሃን አለው፤ ኃጥአን ሌላ ስፍራ ተለይቶላቸዋል። ሄኖክ ይጠይቃል፣ ሩፋኤል ይመልሳል።

እ.ኤ.አ. በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን 4ኛው ዋሻ የዚህ መጽሐፍ የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኙ፤ ጆዜፍ ሚሊክ በ1976 አሳተማቸው። የምዕራፍ 22 ቁራጭም አለበት፤ የተጻፈውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። እንግዲህ ጻድቁንና ኃጥኡን ከሞት በኋላ መለየት አይሁድ ራሳቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሳትኖር፣ በራሳቸው ቋንቋ የጻፉት ነገር ነው። (ስለ ሰው ልጅ የሚናገረው ከ37 እስከ 71 ያለው ክፍል ግን በቁምራን አልተገኘም። ለክርክር ስታመጪው ጠንቀቅ በይ፤ እኔ አንዴ አፍሬበታለሁ።)

5. የግሪክ እጅ የለበትም አልልሽም። መጽሐፈ ጥበብ ስለ ጻድቃን ነፍስ የሚናገረውን የጻፈው አይሁዳዊ ነው፤ የጻፈው ግን በግሪክኛ ነው። የዚያን ዘመን አይሁድ በግሪክ ከተሞች ይኖሩ ነበርና ይህ የአይሁድ፣ ያ የግሪክ እያልሽ በቢላ አትለያዪውም።

6. እኔን ብትጠይቂኝ የሚያከራክረው የቅጣቱ ርዝመት ነው። በረቢዎች የሕግ ስብስብ በሚሽና ውስጥ የኃጥአን የገሃነም ፍርድ አሥራ ሁለት ወር ነው የሚል ቃል በረቢ አቂባ ስም ተመዝግቧል። ከእኛም አባቶች ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ እሳቱ የሚያነጻ ነው ወደሚለው አዘንብሏል። ቤተ ክርስቲያን ይህን መንገድ አልተቀበለችውም። እኔም ገና አልቆረጥኩም፤ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ማለት አላሳፈረኝም።

7. እናትሽን በገበታ ላይ አትርቺያት። ለእሷ ሲኦል የአባቷ ፍትሐት ነው።

መጀመሪያ ምዕራፍ 22ን አንብቢ፤ ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነይ። ግዕዙን እኔ አወጣለሁ፣ ቡናውን አንቺ ታፈያለሽ።