ከእርሻ የተወለዱ የትምህርት ቤት ስሞች

ለትምህርት ቤት የስፖርት ቡድን ስም ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ አንበሳ፣ ነብር ወይም ንስር ይባላል፡፡ ይህም ተጋጣሚን ለማስፈራት ነው፡፡ በአሜሪካ አገር ግን አንዳንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስማቸውን ከአራዊት ሳይሆን ከገበሬ ማሳ ወስደዋል፡፡ ስለ እነዚህ ስሞች ያጠናሁትን ለአንባብያን በአጭሩ ላቀርብ እወዳለሁ፡፡ ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፡፡

የመጀመሪያው ምሳሌ በዩታ ግዛት፣ በሳንዲ ከተማ የሚገኘው በ1907 የተከፈተው የጆርዳን ትምህርት ቤት ነው፡፡ ተማሪዎቹ «ቢትዲገርስ» ይባላሉ፤ ትርጓሜውም «ቢት ቆፋሪዎች» ማለት ነው፡፡ እኛ ስኳርን የምናውቀው ወንጂን በመሰለ ሥፍራ ከሚበቅለው ሸንኮራ አገዳ ነው፡፡ ሸንኮራ ግን ውርጭ አይችልም፡፡ ስለዚህ በብርድ አገር ስኳር የሚወጣው ሹገር ቢት ከሚባለው የቀይ ሥር ዘመድ ነው፡፡ ሥሩ ነጭና ወፍራም ሲሆን፣ ከክብደቱ ከመቶ 15 እስከ 18 እጅ ያህሉ ስኳር ነው፡፡ በዩታ የሌሂ ስኳር ፋብሪካ በ1891 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ገበሬዎች ይህን ተክል ይዘሩ ጀመር፡፡

ችግሩ አዝመራው ነው፡፡ ቢት መሬቱ በውርጭ ሳይጠጥር መነሣት አለበት፡፡ በፈረስ የሚጎተት መሣሪያ ሥሩን ካላላው በኋላ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ እያነሣ አፈሩን ያራግፋል፤ ጫፉ ላይ መንጠቆ ባለው ቢላዋ ቅጠሉን ይቆርጣል፤ ከዚያም በጋሪ ይጭናል፡፡ ለዚህ ሁሉ የሰው እጅ ስለሚያጥር ተማሪዎቹ ከትምህርት እየተለቀቁ ወደ ማሳ ይወርዱ ነበር፡፡ እንግዲህ ስሙ ለቀልድ የወጣ አይደለም፤ በብርድ ጎንብሰው የዋሉ ልጆች ስም ነው፡፡

ሌሎችም አሉ፡፡ በአይዳሆ ግዛት የሸሊ ትምህርት ቤት ተማሪዎች «ረሰት» የሚባሉት ቅርፊቱ ሻካራና ቡናማ በሆነ የድንች ዓይነት ስም ነው፡፡ ከተማዋም ከ1927 ጀምሮ የድንች በዓል ታከብራለች፡፡ በኢሊኖይ የሁፕስተን ልጆች «በቆሎ ቀንጣሾች» ይባላሉ፤ ከተማቸው በጣፋጭ በቆሎና በቆርቆሮ ማሸጊያ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ናትና፡፡ በጆርጂያ የምትገኘው የካይሮ ከተማ ትምህርት ቤት ደግሞ ስሙ «ሽሮፕ ሠሪዎች» ነው፡፡ በዚያ አካባቢ የሸንኮራን ጭማቂ ጨምቆ፣ አፍልቶና አወፍሮ መሸጥ የታወቀ ሥራ ነበር፡፡

ዛሬ ቢትን የሚነቅለው መኪና ነው፡፡ በሳንዲም ዱሮ እርሻ በነበረው መሬት ላይ ቤትና መንገድ ተሠርቶበታል፡፡ ስሙ ግን አልተለወጠም፡፡ ቢት ነቅሎ የማያውቅ ልጅ «ቢት ቆፋሪ» የሚል ልብስ ለብሶ ሜዳ ሲገባ፣ የአያቶቹን ድካም ተሸክሞ ይገባል፡፡

ይህን ነገር ያጠናሁት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፡፡ በትምህርት ቤት ግቢ «ባላገር» የሚለው ቃል ለስድብ ሲነገር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፡፡ ባላገር ማለት የአገር ባለቤት ማለት ሲሆን፣ እንዴት ስድብ ሊሆን ቻለ? በኅዳር ወር ጤፍ ለማጨድ ከክፍል የሚቀር ልጅም እንደ ሰነፍ ሲቆጠር አያለሁ፡፡ ትምህርት መቅረት መልካም ነው አልልም፤ ነገር ግን ያ ልጅ ተኝቶ እንዳልዋለ ማወቅ ተገቢ ነው፡፡

ስለዚህ ለስፖርት ክበባችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፡፡ በሚመጣው ዓመት በክፍሎች መካከል ውድድር ሲደረግ፣ ከቡድኖቹ አንዱ «አጫጆች»፣ ሌላው «ጎልጓዮች» ተብሎ ይሰየም፡፡ አንበሳ በግቢያችን ውስጥ የለም፤ የአጫጅ ልጅ ግን በየክፍሉ ተቀምጧል፡፡