የኋላ ብሌድ ስንት ጫማ ይሁን? ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሜትር ያዙ

ዛሬ ከዋጋ ሰሌዳው ወጣ ብለን ስለ መንገድ እናወራለን። ከዋጋ ግን አልራቅንም። ክረምት የቦረቦረው መጋቢ መንገድ ካልተስተካከለ አይሱዙው ወይ አይገባም፣ ወይ ከገባም ኪራይ ይጨምራል። ያ ጭማሪ ዞሮ ዞሮ የሚቀነሰው ከገበሬው ዋጋ ላይ ነው። እሸት ቡና ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምራል፤ ያኔ ላኪውም የሚፈልገውን ጥራት አያገኝም።

ግሬደር እስኪመጣ መጠበቅ የማይችል ማህበር፣ አነስተኛ ትራክተር ካለው፣ መንገዱንና የመጋዘኑን ግቢ በኋላ ብሌድ ራሱ ማስተካከል ይችላል። ይሄ ከትራክተሩ ጀርባ በሦስት ነጥብ ማያያዣ የሚንጠለጠል አፈር ገፊ ምላጭ ነው። ችግሩ ያለው ስፋቱ ላይ ነው።

1. መጀመሪያ ጎማውን ለኩ
ከግራ የኋላ ጎማ ውጪኛ ጠርዝ እስከ ቀኙ ውጪኛ ጠርዝ ለኩ። 1.45 ሜትር ሆነ እንበል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ "5 ጫማ 1.52 ሜትር ነው፣ ይበቃል" ብሎ ይገዛል። አይበቃም!

2. ብሌድ ሲዞር ይጠባል
አፈርን ወደ ጎን ለመግፋት ብሌዱ ሰያፍ ይደረጋል። በ30 ዲግሪ ሲዞር የሚሸፍነው ከስፋቱ 87 በመቶውን ብቻ ነው፤ በ45 ዲግሪ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል።

5 ጫማ (1.52 ሜ)፦ በ30 ዲግሪ 1.32፣ በ45 ዲግሪ 1.08
6 ጫማ (1.83 ሜ)፦ በ30 ዲግሪ 1.58፣ በ45 ዲግሪ 1.29
7 ጫማ (2.13 ሜ)፦ በ30 ዲግሪ 1.85፣ በ45 ዲግሪ 1.51

በምሳሌያችን 5 ጫማው ሲዞር ከጎማው ይጠባል። ስለዚህ ጎማው የረገጠው ዱካ ከብሌዱ ውጪ ሆኖ ሳይስተካከል ይቀራል።

ቀላሉ ስሌት ይሄ ነው፦ የጎማው ስፋት ላይ 10 ሳ.ሜ ጨምሩ፣ ለ0.87 አካፍሉ። 155 ÷ 0.87 = 178 ሳ.ሜ። መልሱ 6 ጫማ ነው።

3. "ትልቁ ይሻላል" አይሠራም
ብሌድ በሰፋ ቁጥር የሚይዘው አፈር ይበዛል። ትራክተሩ ቀላል ከሆነ፣ በተለይ በዋልካ አፈር ላይ፣ ጎማው እየተሽከረከረ ባለበት ይቀራል። የሰፊ ብሌድ ጫፍ ድንጋይ ሲመታ ደግሞ ትራክተሩን ወደ ጎን ይጎትተዋል፤ ማያያዣውንም ያጣምማል። ለግምት ያህል፣ 25 ፈረስ ጉልበት አካባቢ 5 ጫማ፣ ከ30 እስከ 40 ያለው 6 ጫማ፣ ወደ 50 የተጠጋ 7 ጫማ ይችላል። የፈረስ ጉልበቱና የጎማው ልኬት ካልተስማሙ ትራክተሩ የሚችለውን ውሰዱና የማዞሪያ ማዕዘኑን ቀንሱ።

4. ክብደቱንም ጠይቁ
ስፋቱ ልክ ሆኖ ብረቱ ከሳሳ፣ ደረቅና የጠነከረ መንገድ ላይ ሳይቆርጥ ይንሸራተታል። ከከበደ ደግሞ የትራክተሩ የማንሳት አቅም መቻሉን አረጋግጡ፤ ብሌዱ ሲነሳ የፊት ጎማ ከቀለለም የፊት ክብደት ያስፈልጋል።

5. ፒኑ ይግጠም
ብዙዎቹ አነስተኛ ትራክተሮች ካታጎሪ 1 ናቸው፦ የላይኛው ፒን 19 ሚ.ሜ፣ የታችኞቹ 22 ሚ.ሜ። የካታጎሪ 2 ፒን ወፍራም ስለሆነ አይገባም።

ጊዜውንም አትርሱ። ጥሩው ወቅት ዝናቡ ቆሞ አፈሩ እርጥበቱን ሳይጨርስ ነው። ከዳር ወደ መሃል እየሰበሰባችሁ የመንገዱን ወገብ ከፍ አድርጉ፤ ውሃው ወደ ቦዩ ይውረድ። መሃሉ የጎደጎደ መንገድ በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ያው ነው።

ለዩኒየን ግዥ ክፍሎች፦ ፕሮፎርማ ስትጠይቁ "የኋላ ብሌድ፣ 1" ብላችሁ አትተዉት። ስፋቱን በሜትር፣ ክብደቱን በኪሎ፣ ካታጎሪውን፣ እንዲሁም የትራክተሩን የጎማ ስፋት ጻፉ። ካልተጻፈ አሸናፊው ርካሹ ነው፤ ርካሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባቡና ቀላሉ ነው።

መልካም ገበያ!