ከኬሚስትሪ ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር

በካሊፎርኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የባሕር ሥነ ሕይወት ለማጥናት የሚያስብ ተማሪ፣ ልቡ አስቀድሞ የሚሮጠው ስለ ዓሣ ነባሪና ስለ ኮራል ወደሚወራበት የውቅያኖስ ጥናት መግቢያ ነው። ኮርሱ ጥሩ ነው፤ መውሰዱ አይከፋም። የዝውውሩን ቀን የሚወስነው ግን ኬሚስትሪ ነው።

አጠቃላይ ኬሚስትሪ ሁለት ሴሚስተር ይፈጃል፤ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪም የሚጠየቅ ከሆነ ሌላ ሁለት። አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ቀጣዩ አይታለፍም። በዚያ ላይ መሰናዶ ኬሚስትሪ ከተጨመረ ሁለት ዓመት የተባለው ዕቅድ ሁለት ዓመት ተኩል ይሆናል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር በተፈጥሮ ሳይንስ ተምሮ የመጣ ልጅ፣ ኮሌጁ የምዘና ፈተና ካለው፣ የድሮውን ደብተር አስታውሶ ቢቀመጥበት መሰናዶውን ዘልሎ አንድ ሴሚስተር ሊያተርፍ ይችላል። ካልኩለስና ባዮሎጂም ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው የኮርስ ማመሳከሪያው ነው። አሲስት የተባለው የካሊፎርኒያ የመንግሥት ኮሌጆች ድረ ገጽ ሲከፈት በግራ በኩል ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀው ኮርስ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ በተማሪው ኮሌጅ ያለው አቻው ይታያል። እዚህ ላይ ከዓይን ሊያመልጥ የማይገባ ነገር አለ፦ አንዳንዱ አቻ የሚቆጠረው ሁለቱ ተከታታይ ኮርሶች አብረው ሲያልቁ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ኬሚስትሪ እዚህ፣ ሁለተኛውን ሌላ ኮሌጅ የወሰደ ተማሪ ሊቸገር ይችላል። ስለዚህ አቻነቱን ለማስረዳት የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫ (ሲላበስ) ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የቀን መቁጠሪያው ደግሞ ፋታ አይሰጥም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከዘጠኙ የመጀመሪያ ዲግሪ ካምፓሶቹ በስድስቱ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የመግቢያ ቅድመ ዋስትና ይሰጣል፤ ዴቪስ፣ ኧርቫይን፣ መርሴድ፣ ሪቨርሳይድ፣ ሳንታ ባርባራና ሳንታ ክሩዝ። የዋስትናው ማመልከቻ የሚገባው ከሴፕቴምበር 1 እስከ 30 ሲሆን፣ ዋናው ማመልከቻ ከዚያ በኋላ ይከተላል። በሁለት ዓመት ሊዛወር ያሰበ ተማሪ እንግዲህ የሚያመለክተው የአንድ ዓመት ውጤት ብቻ ይዞ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪ ያን ያህል የሚከብደው ለዚህ ነው። በ1903 የተመሠረተው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም የሚገኝበት ሳን ዲዬጎ ከስድስቱ አንዱ አይደለም፤ ያንን የሚመኝ ሰው በውድድር መግባት አለበት።

ለመዛወር 60 የሴሚስተር ዩኒት ያስፈልጋል፤ ለካሊፎርኒያ ነዋሪ ዝቅተኛው አማካይ ውጤት 2.4 ነው። በሳይንስ መስክ ግን ዝቅተኛው ላይ መተማመን አደገኛ ነው። ጊዜ ሲጠብ የታሪክና የሥነ ጥበብ ኮርሶች ወደ ኋላ ይቆዩ፤ ኬሚስትሪውና ባዮሎጂው አይቆዩም።

ባሕሩ ራሱ ግን ዝውውርን አይጠብቅም። ሊምፔትስ የተባለው የካሊፎርኒያ ፕሮግራም ተማሪዎችን ወደ ባሕር ዳርቻ አውጥቶ እንስሳትና አልጌ ያስቆጥራል። በፀደይ ውሃው በጣም የሚሸሸው ንጋት አካባቢ ነው። ተማሪዎች ቦቲ አድርገው እርጥብ አለት ላይ ይንበረከካሉ፤ አራት ማዕዘን ክፈፍ አስቀምጠው በውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ይመዘግባሉ፤ ማዕበሉ ሲመለስ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ።