የባዕድ ወዳጅ ድርሻ

በኬንያ፣ በሞያሌ አውራጃ ያለችው ሶሎሎ እስከ 1956 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች። በዚያ ያሉ ወገኖቻችን፣ ከገዢው ሕዝብ የተወለደ ሰው ለተገዢው ነፃነት ምን ያድርግ ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱን በአንዲት እንግሊዛዊት ሕይወት እናገኛለን።

ሲልቪያ ፓንክረስት በ1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች አገራችንን በወረሩ ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ አቋቋሙ። የገዛ መንግሥታቸው ወረራውን ሲያጸድቅ ዝም አላሉም። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላም የእንግሊዝ የጦር አስተዳደር በምድራችን እንዳይሰነብት ተከራከሩ። በ1953 ዓ.ም. አርፈው በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ከዚህ ምን እንማራለን? የባዕድ ወዳጅ አስቀድሞ የገዛ ወገኑን እጅ ይይዛል፤ የነፃነቱ መሪ ግን ባለ አገሩ ነው። የሚረዳንን እናክብር፤ ሸክማችንን ግን አንተውለት።