የቤት አያያዝ ከወለል ይጀምራል

እንደሚታወቀው፣ ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የሚመደብ መምህር መጀመሪያ የሚገጥመው የማስተማር ችግር ሳይሆን የቤት ችግር ነው። አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ይከራያል፣ አልጋና ሣጥኑን ያስገባል፣ ከዚያ በኋላ ትቢያውን፣ ቁንጫውንና ጢሱን ብቻውን ይጋፈጣል። ስለ ቤት አያያዝ በጽሑፍ የሚገኘው ምክር ደግሞ አብዛኛው የሲሚንቶ ወለልና የቧንቧ ውሃ ላለው ሰው የተጻፈ ነው። እኛ በዚህ ገጽ ልንነጋገር የፈለግነው ስለዚያ ቤት አይደለም። እዚሁ ዱቦ፣ ወደ አረካም ሆነ ወደ ሶዶ ወጣ ሲባል በብዛት ስለሚታየው፣ ወለሉ አፈር ስለሆነው ቤት ነው።

ከወለል የጀመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። በወላይታ ሁሉም የሚያውቀው፣ እግርን የሚያሳብጥና ቆዳውን የሚያጓጉል፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባል በሽታ አለ። በአንዳንድ ቆላማ አገሮች በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዓይነት ዝሆኔ መኖሩ እውነት ነው። የወይና ደጋውና የደጋው ግን ከትንኝ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተፈጠረው ቀይ ሸክላ አፈር ነው። አፈሩ ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶቹ በእግር ቆዳ በኩል ይገቡና የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች ያስቆጣሉ። ቱቦዎቹ ቀስ በቀስ ይዘጋሉ፣ እግሩም ያብጣል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ብዙ ከመረመረ በኋላ ለበሽታው ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም ሰጥቶታል፤ ቃሉ «እግር» እና «ትቢያ» የሚሉትን የግሪክ ቃላት ያጣመረ ነው። ስሙ ራሱ ጥፋተኛውን ይናገራል ማለት ነው።

በወላይታ ዞን ተደርጎ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከ100 ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው በዚህ በሽታ እንደተያዘ አሳይቷል። ይህን ወደ ክፍል ብናመጣው 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ስንት ሰው ከቤቱ ጥሎ እንደሚመጣ እያንዳንዳችን ማስላት እንችላለን። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው ሲያዝ «እርግማን ነው» የሚባለው፣ ቤተሰቡ በተፈጥሮው ለአፈሩ የተጋለጠ ስለሚሆን ነው፤ ከወላይታ ሰዎች በተወሰደ ናሙና ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ምርመራም ይህንኑ አረጋግጧል። እንግዲህ ዘርን መለወጥ አይቻልም። ወለልን መለወጥ ግን ይቻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

በመጀመሪያ አንድ በጎ የሚመስል ልማድ እናንሳ። «ቤት እንዳይቆሽሽ ጫማህን ደጃፍ ላይ አውልቅ» ይባላል። ሲሚንቶ ወይም ጣውላ ወለል ላላቸው ሸጋ ምክር ነው። የአፈር ወለል ባለው ቤት ግን ምን ይሆናል? ሰውየው ከውጭ በጫማ ተጠብቆ የመጣውን እግር ቤቱ ውስጥ ራቁቱን አፈር ላይ ያሳርፈዋል፤ ሕፃናቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እዚያው ላይ ናቸው። ስለዚህ የውጭው ጫማ ደጃፍ ላይ ይውለቅ፣ ነገር ግን የቤት ነጠላ ጫማ እዚያው በሩ ሥር ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ለልጆችም ጭምር። ማታ ማታ እግርን በውሃና በሳሙና ታጥቦ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባትም ከቤት ጽዳት ይቆጠራል፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ ለአፈሩ በር ነውና።

የወለሉ አሠራር ደግሞ ይህን ይመስላል። የቤቱ ወለል ከውጭው መሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ማለት አለበት። ብዙ ኪራይ ቤት ላይ የምናየው ተቃራኒውን ነው፤ በየቀኑ ሲጠረግ አፈሩ እየተነሣ ወለሉ ከደጁ ዝቅ ይላል፣ ክረምት ሲገባ ውሃው ወደ ውስጥ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ወለል እየደጋገሙ መለቅለቅ ድካም ብቻ ነው። መጀመሪያ በጣሪያው ጠፈፍ ሥር ዙሪያውን ቦይ ይቆፈር። ከዚያ ወለሉ ላይ አፈር በስሱ እየተጨመረ፣ ትንሽ ውሃ እየተረጨ፣ በከባድ እንጨት ይጠቅጠቅ። አፈሩን በአንድ ጊዜ ቆልሎ መጠቅጠቅ ከላይ ያጠነክረዋል እንጂ ከሥር ባዶ ነው፤ ያንን የአልጋው እግር ሲሰምጥ ያኔ እናየዋለን።

ቀጥሎ ምርጊቱ። ድንጋዩ የተለቀመለት ሸክላ አፈር ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለጥቂት ቀን ይከደንና በየቀኑ ይረገጥ። ጭቃው በቆየ ቁጥር ጭዱ ይለሰልሳል፣ ጭቃውም ይጣበቃል፤ ቸኩሎ በዕለቱ የተመረገ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። (ጭቃ የሚረግጥ ሰው ቦቲ ጫማ ያድርግ። ስለ አፈር እያወራን በባዶ እግር ጭቃ ስናቦካ ብንገኝ ያስቃል።) ሲደርቅ የሚታዩትን ስንጥቆች በቀጭን ጭቃ መድፈን ነው። ሥራው የሚያምረው በበጋ ነው፤ በበልግ ወይም በክረምት የተመረገ ወለል ሳይደርቅ ይሻግታል።

በመጨረሻ በእበት ይለቀለቃል። በወላይታ እናቶች ይህን ሥራ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ለጊፋታ ሲቃረብ ቤቱ ሁሉ ተለቅልቆ፣ ተጠርጎ ነው በዓሉ የሚገባው። የተማረ ሰው እበት ሲባል ይጸየፋል። እኛ ግን እበትን ዝም ብሎ መናቅ ተገቢ አይመስለንም። በእበት ውስጥ ያለው ደቃቅ የሣር ጭረት ሸክላውን እንደ ክር ያያይዘዋል፣ ትቢያውም አይነሣም። ነገር ግን እርጥቡ እበት የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘር ሊኖርበት ስለሚችል፣ እጁ ወይም እግሩ የቆሰለ ሰው አይለቅልቅ፤ እትብቱ ያልደረቀ ሕፃን ባለበት ክፍልም ይህ ሥራ ይቅር። ደግሞም በዓመት አንድ ጊዜ ለበዓል የተለቀለቀ ወለል እስከ ሚቀጥለው በዓል አይቆይም። መላላጥ ሲጀምር ያንኑ ቦታ ብቻ መጠገን ይቀላል። አቅም ያለው በላዩ ሰሌን ወይም የፕላስቲክ ምንጣፍ ያንጥፍ። ምንጣፉ ግን በየሳምንቱ ይነሣና ሥሩ ይጠረግ፣ አለዚያ የቁንጫ ጎጆ ነው የሚሆነው።

አጠራረግም ዘዴ አለው። በደረቁ ከጠረግን ትቢያው ተነሥቶ ምግቡና አልጋው ላይ መልሶ ያርፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሸረሪት ድሩና ጥቀርሻው ከላይ ይውረድ፣ ቀጥሎ ወለሉ ላይ ውሃ በእጅ እርከፍከፍ ይደረግ፣ ከዚያ ከውስጥ ጥግ ወደ በሩ ይጠረግ። እርከፍከፍ ነው ያልነው፤ ጭቃ እስኪሆን መድፋት አይደለም። ይህ ለሙጀሌም መድኃኒት ነው። ሙጀሌ የምትራባው በደረቅና ልል ትቢያ ውስጥ፣ በተለይ ውሻና በግ በሚተኙበት ጥግ ነው፤ ጠንካራና ለስላሳ ወለል ላይ መኖሪያ ታጣለች። እግር ከገባች በእሳት በተለበለበ መርፌ ትውጣ፣ መርፌው ግን ከሰው ሰው አይዘዋወር። አንድ መርፌ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሲያገለግል የሚታይበት ጊዜ አለና።

ጥራጊው የት ይጣላል? እዚህ አገር ይህ ጥያቄ ድሮ መልስ ያገኘ ነው፤ እንሰቱ ሥር ነዋ። በጓሮ ያለው አፈር ጠቁሮ፣ ራቅ ብሎ ያለው ማሳ ግን ቀይ ሆኖ የሚታየው ለዘመናት የቤት ጥራጊ፣ አመድና እበት ስለተከመረበት ነው። ፕላስቲክና የባትሪ ድንጋይ ግን ለእንሰት አይሆኑም፤ ለብቻ ይጠራቀሙ።

ሌላውን በአጭሩ እንለፈው። ዕቃ በአመድና በቃጫ ይታጠባል፤ አመድ ቅባት ያለቅቃል፣ ገንዘብም አያስወጣም። የውሃ ጄሪካን ውስጡ ሲያዳልጥ ጥቂት ንጹሕ ጠጠርና ውሃ ጨምሮ መናጥ ነው። በረኪናን ከሌላ የማጽጃ ኬሚካል ጋር ማቀላቀል ክልክል ነው፤ የሚወጣው ትነት ሳንባ ይጎዳል። ትኋን ያለበት አልጋ ፀሐይ ላይ ወጥቶ በመጋጠሚያው ሁሉ የፈላ ውሃ ይፈስበት። መጽሐፍና የፈተና ወረቀት የያዘ ሣጥን መሬት ላይ አይቀመጥ፤ በድንጋይ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ ምስጥ ግድግዳውን ተከትላ ነው የምትመጣው። ጢስን በተመለከተ፣ የሣር ጣሪያን ከነቀዝና ከመበስበስ ስለሚጠብቅ ሽማግሌዎች ይወዱታል፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ከጢስ የሚያገኘው ጥቅም የለም፣ ዓይንና ሳንባ ይጎዳበታል እንጂ። ስለዚህ ማድቤቱ ለብቻው ይሁን፤ ካልተቻለም ምድጃው ከመስኮቱ ሥር ይሁን።

በመጨረሻ ግድግዳን ስለ መምረግ አንድ ነገር አለ። በወባማ ቀበሌዎች የጤና ሠራተኞች በቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የፀረ ወባ ኬሚካል ይረጫሉ። ትንኟ ደም ጠጥታ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ነው ኬሚካሉ የሚገድላት። ርጭቱ ካለፈ በኋላ «ግድግዳው ተበላሸብኝ» ብሎ በአዲስ ጭቃ የለቀለቀ ሰው ኬሚካሉን ከጭቃው ሥር ቀበረው ማለት ነው፤ ትንኟም በሰላም ታርፋለች። እንዲህ ባለው ቀበሌ የሚመደብ መምህር የርጭቱን ወር አስቀድሞ ከጤና ኬላው ይጠይቅ፣ ምርጊቱንም ከዚያ በፊት ይጨርስ። ርጭቱ ቀድሞት ከሆነ ወለሉን ይለቅልቅ፤ ግድግዳውን ግን ለስድስት ወር ያህል አይንካው።