ከማሽኑ በፊት ሥራሽን እወቂ

እህትዬ፣ የመጀመሪያውን የበርና መስኮት ሥራ ተቀብለሽ፣ ቀብዱን ይዘሽ ማሽን ልትገዢ መርካቶ ልትወርጂ ነው አሉኝ። እሰይ፣ የኔ ጎበዝ! ግን ቆዪ፣ እዚህ ቁጭ በዪና ስሚኝ። ባለሱቁ «ስንት አምፒር ልስጥሽ?» ብሎ ይጀምርሻል። አንቺ ግን መጀመር ያለብሽ ከሌላ ቦታ ነው፦ የምትበይጂው ምን ብረት ነው? ውፍረቱስ? የት ሆነሽ ነው የምትበይጂው? መብራቱንስ ከየት ነው የምትስቢው? የእነዚህን መልስ ከያዝሽ ማሽኑ ራሱ ይመረጥልሻል።

አንደኛ፣ ብረቱን እዪው። የተለመደ በር፣ መስኮትና የአጥር ፍርግርግ ከሆነ ሥራሽ ቱቦላሬና አንግል ብረት ነው፤ ለእሱ በኤሌክትሮድ የሚበይድ ማሽን ይበቃሻል። ኤሌክትሮዱ የትም ይገኛል፣ ንፋስ ብዙ አይበግረውም፣ ትንሽ ዝገት ቢቀርም ይታገስሻል። ሽቦ እየተፋ የሚበይደው ሚግ ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ ላሜራና የመኪና አካል የሚሠሩ ሰዎች ይወዱታል። ነገር ግን መከላከያ ጋዙን ንፋስ ከወሰደው ብየዳሽ እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። ሰው ግቢ እየዞርሽ ለምትገጥሚው ለአንቺ አሁን አይሆንም። የስቴንለስ የደረጃ መደገፊያ ንጹሕ አድርገሽ ለመሥራት ቲግ የሚባለው ብየዳና አርጎን ጋዝ ያስፈልጋል። በቲግ አሉሚኒየም ለመበየድ ደግሞ ማሽኑ ኤሲ የሚሰጥ መሆን አለበት፤ ዲሲ ብቻ የሚሰጠውን ገዝተሽ አትድከሚ። ያ ሥራ ዛሬ እጅሽ ላይ ከሌለ ማሽኑንም ዛሬ አትግዢው፣ ሆዴ። ሥራው ሲመጣ ገንዘቡንም ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ መብራትሽን ለኪ። ለ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ 80 ወይም 90 አምፒር ይበቃል፤ ለ3.2 ከ100 እስከ 130 ትፈልጊያለሽ። ማሽኑ 90 አምፒር ሲሰጥሽ ከ220 ቮልት ሶኬት የሚጎትተው 15 አምፒር ገደማ ነው፤ 160 ሲሰጥ ግን ከ30 ሊያልፍ ይችላል። የተለመደው የቤት ሶኬት የተሠራው ለ16 ነው። ስለዚህ ወፍራም ብረት ልትሠሪ ከሆነ ከቆጣሪው አጠገብ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስዘርጊ። ኤክስቴንሽኑንም አትናቂው። 50 ሜትር ርዝመት ያለው የ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ 16 አምፒር ሲያልፍበት 19 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይበላል፤ ባለ 4 ካሬው የሚበላው 7 ብቻ ነው። ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ ሲያስመርርሽ ማሽኑን ከመርገምሽ በፊት ገመዱን እዪ። እንደ ተጠቀለለም አትጠቀሚበት፤ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ሙሉውን ዘርጊው።

በጄኔሬተር የምትሠሪ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቱርቦ የሌለው ሞተር 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ካነበብሽው ጉልበት ሩብ ያህሉን እንደሌለ ቁጠሪው። ከሚያስፈልግሽ ከፍ ያለውን ያዢ።

ሦስተኛ፣ ካርቶኑን ትተሽ ሰሌዳውን አንብቢ። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው «300» የሞዴሉ መጠሪያ ሊሆን ይችላል። ማሽኑን አዙሪና ጀርባው ወይም ሆዱ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ ፈልጊ። በመቶኛ የተጻፉ ቁጥሮች ታያለሽ፤ ከሥራቸው አምፒር አለ። ለምሳሌ 30 በመቶ በ160፣ 60 በመቶ በ113፣ 100 በመቶ በ88 ቢል፣ ከ10 ደቂቃ ውስጥ በ160 አምፒር መበየድ የምትችዪው 3 ደቂቃ ነው፣ ቀሪውን 7 ደቂቃ ማሽኑ ይረፍ ማለት ነው። በ88 ግን ሳያቋርጥ ይሠራልሻል። አየሽ፣ በ2.5 ኤሌክትሮድ በር ለምትሠሪው ለአንቺ ይህ ማሽን ቀኑን ሙሉ ይበቃል። ሰሌዳ የሌለው ማሽን ከሆነ እጅሽን ሰብስበሽ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፊ።

አራተኛ፣ ትራንስፎርመር ነው ኢንቨርተር? ትራንስፎርመሩ ከባድ ነው፣ መብራት ይበላል፤ ግን ቻይ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ይጠገናል። ኢንቨርተሩ በአንድ እጅ ይነሳል፣ በዲሲ ስለሚበይድ እሳቱ የረጋ ነው፣ ለጀማሪ እጅ ይመቻል። ለአንቺ ኢንቨርተሩን እመርጥልሻለሁ፤ ጠላቱን ግን እወቂ። የግራይንደር ብናኝ በማራገቢያው ገብቶ ሰርኪውቱን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ግራይንደርሽን ከማሽኑ ራቅ አድርገሽ ተጠቀሚ፣ በየጊዜውም ማሽኑን ከሶኬት ነቅለሽ በደረቅ አየር አስነፊው። ሱቅ ስትሄጂ ቁራጭ ቱቦላሬ ይዘሽ ሂጂና «አስሞክሩኝ» በዪ፤ አትፈሪ። የኬብሉንም ጫፍ ገለጥ አድርገሽ ተመልከቺ፦ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፣ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ሊሆን ስለሚችል ጠይቂ።

አምስተኛ፣ ኤሌክትሮድ አታምታቺ። ለበርና መስኮት 6013 ግዢ፤ በቀላሉ ይነሳል፣ ቅርፊቱም በቀላሉ ይለቃል። ግድግዳው ስስ ለሆነ ቱቦላሬ አምፒሩን ቀንሺ፣ አለዚያ ትበሺዋለሽ። ሸክም ለሚሸከም ነገር፣ ለጣሪያ ምሰሶ ወይም ለውኃ ታንከር ማቆሚያ፣ 7018 ጠንካራ ነው፤ ግን እርጥበት አይወድም። ክረምት ላይ ፓኮውን ከፍተሽ መሬት ላይ ከተውሽው ብየዳው ውስጥ ውስጡን ሊሰነጠቅ ይችላል። ሰው ከሥሩ የሚያልፍበት ነገር ላይ እንዲህ ያለ ኤሌክትሮድ አታስነኪ፣ አደራ።

ስድስተኛ፣ እዚህ ላይ አልለምንሽም፣ አዝዝሻለሁ። ጥቁር የፀሐይ መነጽር አድርጎ የሚበይድ ሰው በየመንገዱ ታያለሽ፤ እሱን አትዪ። ለአንቺ ሥራ ቁጥር 10 ወይም 11 መስታወት ያለው ሙሉ የፊት ማስክ ግዢ። የብየዳ ብርሃን ዓይን ሲያቃጥል ወዲያው አያስታውቅም፤ ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት፣ አሸዋ የተሞላ ያህል ያደርግሻል። የቆዳ ጓንት፣ የተሸፈነ ጫማና የጥጥ ልብስ ይኑርሽ፤ ናይለን ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ከሆነ መበየጃው ቦታ ላይ ዚንኩን ሞርደሽ አንሺ፣ ደጅም ሆነሽ ሥሪ፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። «ወተት ጠጪበት» ቢሉሽ ጠጪ፣ ወተት ጥሩ ነው፣ ከጭሱ ግን አያድንሽም። ነዳጅ ወይም ዘይት የነበረበትን በርሜል ደግሞ «ባዶ ነው» ቢሉሽም አትንኪ፤ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ደንበኛው ቢቆጣ ይቆጣ።

የገንዘቡን ቅደም ተከተልም ልንገርሽ። መጀመሪያ ማስክና ጓንት፣ ቀጥሎ ጥሩ ገመድና ብሬከር፣ ከዚያ ማሽኑ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይገዛል፤ ማሽኑ ላይ ብሩን ጨርሶ በቀጭን ገመድና በባዶ ዓይን ሥራ ይጀምራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፣ አንቺ ተረጋግተሽ ታጠቂ።

በይ አሁን ወረቀት አውጪና ጻፊ፦ የብረቱን ዓይነትና ውፍረት፣ የምትሠሪበትን ቦታ፣ የብሬከርሽን አምፒር። ባለሱቁ ማሽን ከማሳየቱ በፊት ወረቀቱን አሳዪው። የሚያውቅ ሰው ከሆነ ወዲያው ይገባውና ትክክለኛውን ያወርድልሻል፤ ወረቀቱን ሳያይ «ትልቁን ውሰጂ» ካለሽ፣ እህትዬ፣ አመስግነሽ ውጪ።