የደጋ ግቢ በክረምት፦ ማጭድና ጎጆ

በእንጦጦ ግርጌ፣ በአንኮበር ወይም በደብረ ብርሃን ዙሪያ ቤትና ግቢ ያለው ሰው ክረምት ሲገባ ሥራ ይበዛበታል። የውኃ መውረጃ ቦይ ይጠረጋል፣ አረም ይነቀላል፣ ሣር ይታጨዳል፣ የአጥሩ ቁጥቋጦም ይከረከማል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚሁ ወቅት በመሆኑ ማጭዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለተማሪው ነው። ይሁን እንጂ በግቢው ውስጥ የሚኖሩ በርካታ ፍጥረታት በዓመቱ ውስጥ እጅግ ወሳኝ የሆነውን ተግባራቸውን የሚያከናውኑትም በእነዚሁ ወራት ነው።

ለምን በዝናብ ወቅት? አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት 1 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በአውሮፓ ለሚኖሩ ወፎች የቀኑ መርዘም የመራቢያ ጊዜ መድረሱን በግልጽ ያመለክታል፤ በእኛ ደጋ ግን ይህ ለውጥ አነስተኛ በመሆኑ ዝናቡና ዝናቡ የሚያስከትለው የምግብ ብዛት ትልቅ ድርሻ ይይዛሉ። ሙቀቱ ቢቀንስም ቅጠሉ ይለመልማል፣ ቅጠል በል ትሎችም ይበዛሉ።

ለምሳሌ በደጋ ከተሞች ግቢ የምትዘወተረውን፣ በሳይንሳዊ ስሟ ፕሎሴየስ ባግላፌክት የምትባለውን ቢጫ ወፍ እንመልከት። በዚህች ወፍ ቤተሰብ ወንዱ የሣሩን ቅጠል በጠርዙ በመንቆሩ ነክሶ ሲበር ቅጠሉ በቀጭኑ ይሰነጠቃል፤ ወፉም ያንን ክር እንደ ሸማኔ እያጠላለፈ ጎጆውን ይሠራል። ይህ የሚቻለው በእርጥብ ሣር ነው፤ ደረቅ ሣር ሲታጠፍ ይሰበራልና። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ደግሞ ለዕድገታቸው ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል፣ ይህንንም ከትልና ከሌሎች ነፍሳት ያገኛሉ። ዩፕሌክቴስ ካፔንሲስ የተባለው፣ ወንዱ በመራቢያ ወቅት ጥቁርና ደማቅ ቢጫ የሚለብሰው ወፍ ደግሞ ጎጆውን የሚሠራው በረጅሙ ሣር መካከል ስለሆነ ማጭድ በቀጥታ ይደርስበታል።

ስለዚህ ከማጨድና ከመከርከም በፊት ራቅ ብሎ መቀመጥ ይገባል። ቁጥቋጦውን በእጅ እየገለጡ መፈለግ ወላጆቹን ሊያሸሽ ስለሚችል አይመከርም። የወፏን መንቆር ማየት ይበቃል፦ ሣር ይዛ ወደ አንድ ስፍራ ከተመላለሰች ጎጆ እየተሠራ ነው፤ ትል ይዛ ሳትውጠው ከገባች ጫጩቶች አሉ ማለት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው።

ከእንስሳቱ ይልቅ ስለ አደይ አበባ ብዙ ሰው ግድ ይኖረው ይሆናል። በመስከረም ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሱት የባይደንስ ዝርያዎች በአብዛኛው በየዓመቱ ከዘር የሚበቅሉ ናቸው። በነሐሴ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ያጨደ ሰው በእንቁጣጣሽ አደይን ከሌላ ስፍራ ለመፈለግ ይገደዳል፤ ተክሉ ዘሩን ሳያራግፍ ስለተቆረጠም ለከርሞ የሚበቅለው ይመናመናል።

ስለ ፍልፈልም ጥቂት እንበል። በክረምት አዲስ የአፈር ቁልል በየቦታው ሲታይ ባለቤቱ መናደዱ አይቀርም፤ ድንችና ሥራ ሥር ይበላልና ቅሬታው ተገቢ ነው። ፍልፈል መሬቱን የሚቆፍረው ወደ ውጭ በወጡት የፊት ጥርሶቹ ሲሆን፣ የታችኛውን አፈር ወደ ላይ በማውጣት ያገላብጣል፣ አየርም እንዲገባበት ያደርጋል። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ግዙፉ ዘመዱ ደግሞ የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግብ ነው። የድንቹን መደብ ከእርሱ መጠበቅና ከግቢው ሁሉ ማጥፋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ነገሩን በራሱ ለመፈተን የሚፈልግ ተማሪ ቀላል ጥናት ማድረግ ይችላል። በጥላና በእርጥበት የሚመሳሰሉ ሁለት እኩል ቦታዎችን ለይቶ አንዱን እንደተለመደው ማጨድ፣ ሌላውን መተው፤ ከዚያም በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓትና ለእኩል ደቂቃ በሁለቱም ላይ የሚያርፉትን ወፎች መቁጠር ነው። ዝናብ የጣለበትንና ያልጣለበትን ቀን ለይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ የዝናቡ ውጤት የማጭዱ መስሎ ሊታይ ይችላል። የተተወው ቦታ የአደይ ዘር ደርቆ ከረገፈና ጫጩቶቹ ከበረሩ በኋላ፣ በኅዳር ቢታጨድ ሣሩ ለከብት ድርቆሽ ይሆናል።